የእትዬ ዓለምሸት አንገት

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 7፣ 1997

ዛሬ ገና ነው፤ እኔ ግን ሥራ ዋልኩ። ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ያለው የብርሃነሽ ፀጉር ቤት የሚዘጋው እሑድና ሰኞ ብቻ ነው። ይህን ደብተር የጀመርኩት አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ ስላለኝ ነው። ለሰው ብነግረው ይስቅብኛል፤ ወረቀት አይስቅም።

የብርሃነሽ ላይሰንስ ከመስተዋቱ በላይ በፍሬም ተሰቅሏል። ለዚያች ወረቀት ስንት ሰዓት ቆማ እንደተለማመደች፣ ፈተናውንም ሁለት ጊዜ እንደወደቀች ሳትጠየቅ ትናገራለች። ያለሱ የሰው ፀጉር በመቀስ ብትነካ ትቀጣለች። እኔ ደግሞ በስተጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል የሰው ፊት አጥባለሁ፣ በእንፋሎት አጥናለሁ፣ ብጉር አፈርጣለሁ፣ ቅንድብ በወረንጦ እነቅላለሁ። የኔን ወረቀት የሚጠይቅ የለም፤ ሕጉ አያውቀኝም። ፀጉር ቢቆርጡት አያምም፣ አይደማም። ፊት ግን ሕያው ነው። ለማይሰማው ዘበኛ አቁሞ የሚሰማውን ሜዳ ላይ የተወው ማን ይሆን? ብርሃነሽን ብጠይቃት፣ ዝም ብለሽ ሥሪ፣ ጠይቀሽ ጠይቀሽ ጣጣ እንዳታመጪብኝ አለች።

አዲስ አበባ ሳለሁ አሥራ አንድ ዓመት በቆዳ ሕሙማን ሆስፒታል ድሬሰር ነበርኩ። እዚህ ስመጣ ወረቀትሽን አስተርጉሚ አሉኝ፤ አስተረጎምኩ። ከዚያ ወዲያ ወሬም የለ።

ውጭው ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት ነው። ክፍሌ ግን በእንፋሎቱ ያፍናል። ብርሃነሽ ሻርፕሽን አውልቂው እንጂ ትለኛለች። ብርድ አልወድም እላታለሁ።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 11

እትዬ ዓለምሸት መጡ። ከኔ በዘጠኝ ዓመት ይበልጣሉ፤ ሁለታችንም የጎጃም ልጆች ነን፣ ያደግንበት ቀበሌ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ቢራራቅ ነው። ኢቶቢኮ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ይሠራሉ። ልጃቸው ሔርሞን ማርች 1 ታገባለች፣ ጾሙ ሳይገባ።

አንገታቸው ላይ ከአገጫቸው ሥር እስከ ደረታቸው የሚወርድ ንቅሳት አለ፤ መስመር ከመስመር በታች፣ በየመሃሉ ትንንሽ ነጥብ። እዚያ ሥራ ቦታቸው ያለች አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ቆሻሻ መስሏት በየቀኑ በእርጥብ ናፕኪን እንደምትፈትግላቸው እየሳቁ አወሩኝ። «ምስኪን፣ መታጠቢያ እንኳ አይሰጡሽም ትለኛለች» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ቀረ። ባለፈው ሳምንት ሴትዮዋ ጣቷን ምራቅ አስነክታ ነው የጠረገቻቸው።

«አንቺ ቆዳ ታውቂያለሽ። ለሠርጉ አንሺልኝ» አሉኝ።

የሐኪም ሥራ ነው አልኳቸው። ሐኪም ጋ ሄደው ነበር፤ ሕመም ስላልሆነ ኦሂፕ፣ የመንግሥቱ የጤና መድን፣ አይሸፍነውም ብሏቸዋል። እንግዲያስ አልችልም አልኩ። አስበሽ ንገሪኝ አሉ። እሺ አልኩ። እሺ ማለቴን አሁን ስጽፈው ነው ያየሁት።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 12

ሕመም አይደለም ያለውን ዶክተር ሳስብ ዋልኩ። ነቃሿ ወደ ሰፈራችን ስትመጣ ስምንት ዓመቴ ነበር። እሾህና ጥላሸት ይዛ ነበር የመጣችው። እናቴን ለምንድን ነው ብላት፣ እንቅርት እንዳይወጣብሽ ነው አለች። ለጥቆ ደግሞ፣ ያምርብሻል አለች። እንግዲህ መድኃኒት ነው ወይስ ጌጥ? እዚህ አገር ቢሆን ነቃሿ በየትኛው ሕግ ትጠየቅ ነበር? የሚመልስልኝ ሰው ባገኝ ቁርስ እጋብዘዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 14

ሆስፒታላችን ውስጥ ጠና ያሉ ዶክተር ነበሩ። የአንድ ወታደርን የክንድ ንቅሳት በጨው ሲያነሱ የቁስል ጨርቁን፣ ጎዙን፣ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ቆዳው በርጥብ ጨው ቀስ እየተባለ ይታሻል። ነጥብ ነጥብ ደም ብቅ ሲል ያቆማሉ። «እዚህ ጋ ያላቆመ ሰው ሌላ ሥራ ይፈልግ» ይሉ ነበር። ከወር በኋላ ወታደሩ ሲመጣ ቀለሙ ግማሽ በግማሽ ቀሎለት ነበር።

ይህን የጻፍኩት ለማስታወስ ያህል ነው።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 16

ጨው ገዛሁ። ቤት ውስጥ አልቆብኝም ነበር።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 20

ተሠራ። ሱቁ ዝግ ነው፤ ቁልፉን ከብርሃነሽ ተቀብያለሁ፣ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም። አንድ መስመር ሞክረን ለማየት ነበር የተስማማነው። በበረዶ አደነዘዝኩት። ጥሩ ሄደ። ትንሽ ደማ። ሰማያዊው ጨው ላይ ወጣ፣ በዓይኔ አየሁት። ምንም እንዳይቀቡ፣ ውሃም እንዳያስነኩት አጥብቄ ነገርኳቸው። «እሺ ዶክተር» ብለው አሾፉብኝ።

እጄ ዝሏል። ዝርዝሩን ነገ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 21

ዝርዝሩን አልጻፍኩም። ደንበኛ በዛ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 24

እትዬ ዓለምሸት ፋሻ ሊያስቀይሩ መጡ። ሦስቱም መስመሮች ንጹሕ ናቸው፣ ዙሪያቸው ቀላ ብሏል እንጂ መግል የለም። የሦስተኛው መሃል ብቻ ገና እርጥብ ነው። በማስመሪያ ለካሁት፤ የጥፍሬን ያህል ነው። ምን ያህል ቀለም እንደቀረ ለማየት ባትሪ አበራሁበት። እሳቸው «የኔ ልጅ፣ ወርቅ ነው እንዴ የምትፈልጊው?» አሉኝ። ቆዳ የሚሞላው ከሥር ነው ከዳር? ከዳር ነበር የሚመስለኝ፤ የሳቸው ከሥር እየመጣ ነው። ስንት ዓመት ቁስል አጥቤ ይህን ልብ ብዬ አላውቅም።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 31

ጥቁር ሆኗል።

መሃሉ ላይ ነው። ሰማያዊ ሳይሆን ጥቁር፣ ግራጫ ያለበት። ጨው አያጠቁርም። የነቃሿ ጥላሸት ከሥር ወደ ላይ ወጥቶ ይሆን? አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይታይ ከየት ይመጣል? ሥጋው ሞቶ ከሆነ ይሸት ነበር፤ አሸተትኩት፣ ብዙም አይሸትም። ምን ቀቡበት ብላቸው ምንም አሉኝ፤ ይህን ሲሉ ግን የሚያዩት ግድግዳውን ነበር። ትኩሳት ትኩሳት ይላቸዋል። ሐኪም ይዩ አልኳቸው። ማን ሠራው ቢሉኝስ አሉ። ፋሻውን ማሰር ቀጠልኩ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ሔርሞን ሱቁ ድረስ መጣች፤ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። እናቷን ዎክ ኢን ክሊኒክ ወስዳቸው ነበር። ዶክተሩ ጥቁሩ የሞተ ሥጋ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ለሰርጀን ሪፈር አድርጓቸዋል፤ ቀጠሮው ፌብሩዋሪ 24 ነው፣ ከሠርጉ አምስት ቀን በፊት። ማን እንደሠራው ሲጠይቃቸው ወድቄ ነው ብለዋል።

«አንቲ ተናኜ፣ ማን ወድቆ ነው በቀጥታ መስመር የሚላጠው?» አለችኝ። «ማሚ አትነግረኝም። ጀስት ቴል ሚ።»

እስቲ ልየው አልኳት። የጠየቀችኝ ይህን አልነበረም። እሷም አታዪውም ብላ ወጣች። ብርሃነሽ የምትጠቀልለውን ፀጉር ይዛ ቆማ ቀረች፤ ቁልፉን ለምን እንደወሰድኩ የገባት ያኔ ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

ኢንስፔክተር መጣች። ከከተማው ጤና ክፍል፣ ሚስስ ዶውሰን ትባላለች፤ ረጅም፣ ቦት ጫማዋን በር ላይ አራግፋ የገባች። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ እንግሊዝኛዬን ሰምታ ይሁን ተፈጥሮዋ አላወቅኩም። መታጠቢያውን አየች፣ የወረንጦዬን መቀቀያ ከፍታ ውሃውን በቴርሞሜትር ለካች። ሞልታ የማትጨርሰው ፎርም ይዛለች፤ ፀጉር፣ ጥፍር፣ ሰም፣ ጆሮ መብሳት የሚል ሳጥን አለው። የኔ ሥራ በየትኛው እንደሚገባ አብረን ፈለግን። መጨረሻ ላይ «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

ከዚያ ስለ አንዲት ሴት አንገት ጥቆማ ደርሶናል አለች። ደብተሬን ማየት አለብኝ አልኳት። ውሸት አይደለም፤ ደብተር አለኝ። በ25 ተመልሼ እመጣለሁ፣ የሠራሽውን፣ የተጠቀምሽበትን፣ የሆነውን ሁሉ ጽፈሽ ጠብቂኝ አለች። ሕግ ተላልፌ ከሆነ ክፍሏ ትዘጋለች፤ እኔም ፍርድ ቤት ልቀርብ እችላለሁ።

የቱን ሕግ እንደሆነ ጠየቅኳት። ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ሰው ሲጠይቅ ደስ የሚላት ዓይነት ናት።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

ሱቁ ዝግ ስለሆነ ኩዊን ስትሪት ሄድኩ። ንቅሳት ቤት ገብቼ አላውቅም። ባለቤቱ ክንዱ ላይ ባዶ ቦታ የለውም። ስትነቀሺ መጀመሪያሽ ነው ወይ አለኝ። መርፌውን ብቻ ማየት እፈልጋለሁ አልኩት። ምን ዓይነት ጤነኛ ሰው መርፌ ለማየት ብቻ እንደሚመጣ ገርሞት ሁሉንም አሳየኝ፤ እንዴት እንደሚታሸግ፣ አንዴ ብቻ ተሠርቶበት እንደሚጣል። የነቃሿ እሾህ ትዝ አለኝ። በአንድ እሾህ ዘጠኝ ልጆች ነበርን።

ቀለም ማስገባት ለኔ ተፈቅዷል፣ ማውጣት ግን የሐኪም ነው አለኝ። አንዳንዱ ራሱን በጨው ይፈገፍግና ጠባሳውን በሌላ ሥዕል ልሸፍንለት እኔ ጋ ይመጣል፣ ጠባሳ ደግሞ ቀለም በቅጡ አይቀበልም አለ። አመስግኜው ልወጣ ስል አንገቴን አየ። ሻርፔ ላልቶ ኖሯል። ጎንበስ ብሎ ተመለከተና «የነቀሰሽ ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም ነበር» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ቶሮንቶ ስኖር ስለሱ እንዲህ ያለ ቃል የተናገረኝ ሰው የለም። ጎዳናው ላይ ሻርፔን መልሼ ጠመጠምኩ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 13

ከሥራ በፊት ዮንግ ላይ ያለው ትልቁ ላይብረሪ ሄድኩ። የሚስስ ዶውሰንን ቁጥር ለላይብረሪያኗ ሰጠኋት፤ ወፍራም የሕግ መጽሐፍ አመጣችልኝ። በመዝገበ ቃላት እየተረዳሁ አንዷን ገጽ በሁለት ሰዓት ጨረስኩ።

ሕጉ የሚለው፣ ከሐኪምና ከመሰሎቹ በቀር ማንም ሰው ከደርሚስ በታች ያለን የሰውነት ክፍል እንዳይነካ ነው። ደርሚስ ሁለተኛው የቆዳ ንጣፍ ነው፣ ይህን እኔም አውቃለሁ። በሌላ ወረቀት ደግሞ ለጌጥ የሚሠራ ንቅሳት፣ ጆሮ መብሳት፣ ፀጉር በመርፌ ማቃጠል ተፈቅደዋል። ለእንቅርት የሚሠራ ንቅሳት አልተጠቀሰም፤ ነቃሿ እዚህ ብትሆን ለጌጥ ነው ማለት ነበረባት።

ከዚያ የቆዳ ሕክምና መጽሐፍ አስወጣሁ። የንቅሳት ቀለም የሚቀመጠው ደርሚስ ውስጥ ነው። ውስጥ እንጂ በታች አይደለም። ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። እንግዲህ ቀለሙን ያወጣ ሰው ቀለሙ ካለበት አላለፈም፤ ቀለሙ ካለበት ካላለፈ ከደርሚስ በታች አልነካም፤ ካልነካ ሕግ አልጣሰም። ያገኘሁት ነገር ደስ ስላሰኘኝ ሰብዌይ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ ስል አንዲት ልጅ አይታ ፈገግ አለችልኝ።

ይህ ግን ቀለሙ ካለበት ላላለፈ ሰው ነው።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 16

ከቅዳሴ በኋላ ኖርዝ ዮርክ እትዬ ዓለምሸት ቤት ሄድኩ። ሔርሞን በሩን ከፍታ አልተናገረችኝም፣ አልከለከለችኝምም። ፋሻውን ፈታሁ። ጥቁሩ ሰፍቷል። በርጥብ ጎዝ ዳሰስ ሳደርገው ጎዙ ላይ ግራጫ ነገር ቀረ። በሁለት ጣቴ አሸሁት። ደቀቅ ያለ፣ የሚሻክር። የሞተ ሥጋ እንዲህ አይልም።

«እትዬ፣ እምነት ቀብተውበታል?» አልኳቸው።

በሩን አየት አደረጉ። ከዚያ ትራሳቸው ሥር እጃቸውን ሰደው በላስቲክ የተቋጠረች አመድ የመሰለች ዱቄት አወጡ፤ የአክስታቸው ልጅ ካገር ቤት ገዳም ያመጣችላቸው የተባረከ እምነት። ልብስ እንዲያርፍበት አልፈለጉም፣ ያቃጥላቸው ነበር፣ ማታ ማታ በእጣታቸው ትንሽ ትንሽ ነስንሰውበታል። «ምንም አትቀቢ ስትዪኝ ቅባት መስሎኝ እኮ ነው። እሱ ቅባት ነው እንዴ?» አሉኝ።

እኔ ራሴ ትኩሳት ሲይዘኝ ግንባሬ ላይ እቀባው የለ? ምንም አይቀቡ ስላቸው እምነትንም ማለቴ እንደማይመስላቸው ማወቅ ነበረብኝ። ፈረንጅ ድሬሰር ብትሆን አታውቅም፤ እኔ ግን አውቃለሁ።

ሔርሞንን ጠርቼ ነገርኳት። የሞተ ሥጋ አይደለም፣ አመድ ነው፣ ክፍት ቆዳ ውስጥ ገብቶ ነው፤ ለሰርጀኑ ይነገረው፣ ቶሎ ከታጠበ የሚወጣው ይወጣል፣ የቀረው ግን ንቅሳት ሆኖ ይቀራል አልኳት። ልጅቱ በሩ ላይ ተደግፋ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲሄድ እናቷ ጎተት አድርገው አስቀመጧት። ሊፍቱ ጋ ስትሸኘኝ ጤና ክፍል ኮል ያደረግኩት እኔ ነኝ አለች። ማሚ አታውቅም አለች። ደግ አደረግሽ አልኳት። ከልቤ ይሁን አይሁን እንጃ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17

ነነዌ ገባ። ሔርሞን ደወለች፤ ዛሬውኑ ተቀብለዋቸው ቁስሉን በማደንዘዣ አጥበውታል፣ ብዙው ወጥቷል። መቁረጥ ቀርቷል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 18

ለብርሃነሽ ነገርኳት። ፊቷ በራ። «በቃ፣ እምነቱ ነዋ! እሷው ቀብታው። እንደሱ በያት ለኢንስፔክተሯ፣ ፊኒሽ» አለች። እትዬ ዓለምሸትም በስልክ ያንኑ አሉኝ፤ እኔው ነኝ ያበላሸሁት እልልሻለሁ፣ ክፍልሽ አትዘጋም አሉ። ሁሉም የሚስማማበት መልስ ተገኘ። ሕጉም ይስማማል፣ ሐሙስ ዕለት በመዝገበ ቃላት አረጋግጫለሁ።

ሥራ ስሠራ ዋልኩ። የአንዲት ልጅ ቅንድብ አጣመምኩ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

የዚያን ሰኞ ዝርዝር አሁን ልጻፈው።

ነጥብ ነጥብ ደም ሲታይ ማቆም ነበረብኝ። የመጀመሪያው መስመር ላይ አቁሜአለሁ። ሰማያዊው ጨው ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ሆንኩ። ከአርባ ዓመት በላይ ተቀብሮ የኖረ ጥላሸት እጄ ላይ ነው። ምን ያህል ይወርዳል? ሁሉም ይወጣል ወይስ የላይኛው ብቻ? እትዬ ዓለምሸት ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ እያመማቸው ነው፣ ተይ አላሉኝም። ወደ ሁለተኛው የሄድኩት ሳልጠይቃቸው ነው። ሦስተኛው ላይ በርትቼ አሸሁት፣ ምክንያቱም እዚያ ቀለሙ ጠቆር ያለ ነበር፣ የኔም እዚያው ላይ ጠቆር ይላል። መሃሉ ላይ የምስር ክክ የምታህል ቢጫ ነገር ታየችኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ቁስል ያጠብኩ ሴት ያን ቢጫ አላውቀውም አልልም። ስብ ነው። ስብ ከደርሚስ በታች ነው። እምነቱም የቀረው እዚያ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው መስመር ላይም ነስንሰውበታል፣ እዚያ ታጥቦ ወጥቷል።

ለማወቅ ብዬ ነው። እስካሁን ይህን ነው ለራሴ የምለው።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 25

ሚስስ ዶውሰን በቀጠሮዋ መጣች። ብርሃነሽ ፎጣ የምታጣጥፍ መስላ በሩ ላይ ቆመች።

በምን ፕሮዳክት እንደተጠቀምኩ ጠየቀችኝ። ጨው አልኩ። የምን ኩባንያ ጨው አለች። የወጥ ጨው አልኩ። ቀና ብላ አየችኝና እንዳልኩት ጻፈችው። ብርሃነሽ ቶሎ ብላ ሴትየዋ የቤተ ክርስቲያን አመድ ራሷ ቀብታበት ነው አለች። ሚስስ ዶውሰን ያንንም ጻፈች፤ አመዱ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣ፣ ሰዎች ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሙበት ጠየቀች። ብርሃነሽ በዓይኗ እሺ በይ እንጂ ትለኛለች።

«አመዱ የገባው እኔ በከፈትኩት በር ነው» አልኩ። «ስብ አይቻለሁ። ከደርሚስ በታች ሄጃለሁ።»

ብርሃነሽ ፎጣውን ይዛ ወጣች። ሚስስ ዶውሰን ወዲያው አልጻፈችም። ይህን መናገር ምን እንደሚያስከትል ገብቶሽ እንደሆነ ላረጋግጥ ብላ ቀስ አድርጋ ደገመችልኝ። ገብቶኛል አልኩ። እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ አልኳት፤ ፀጉር ወረቀት ሲጠየቅበት ቆዳ የማይጠየቅበት ለምንድን ነው? እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ይህን ሥራ ሃያ ዓመት ሠራሁ፣ እኔም መልሱን እየጠበቅኩ ነው አለች።

ከዚያ ለፋይሉ የንቅሳቱን ቅርጽ ሳይልኝ አለች። እስክሪብቶ ይዤ ሞከርኩ። ሥዕል አልችልም፤ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ሰረዝኩት። መጨረሻ ላይ ሻርፔን ፈታሁ። እንዲህ ነበር አልኳት፣ አንድ አገር ነን። ወንበሯን አቀረበች፣ መነጽሯን አደረገች፣ መስመሮቹን አንድ በአንድ ፎርሙ ላይ ገለበጠቻቸው። ነጥቦቹንም አልተወችም። እንዲያ በቅርብ የሰው ትንፋሽ አንገቴ ላይ ሲያርፍ ከነቃሿ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ስትጨርስ እንዲሁ፣ ሳትቆጣ፣ እንደ ማንኛውም የፎርሙ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«በራስሽ ለምን አልጀመርሽም?»

ለእውቀት ብዬ፣ ስለለመኑኝ ብዬ፣ ለሠርጉ ብዬ፣ ስንት የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። አንዱም አልመጣም።

«ቢበላሽስ ብዬ» አልኳት።

ይህንን ስትጽፍ አላየሁም። ፎርሙን አጥፋ ተነሳች።

ቅዳሜ፣ ማርች 1

ሠርግ። ጠርተውኝ ሄድኩ፤ ሻርፔን እንደለመድኩት ጠምጥሜ። እትዬ ዓለምሸት ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ከፍ አድርገው ለብሰዋል፣ ከሥሩ ነጭ ፋሻ ይታያል። ፎቶ አንሺው ነጠላውን ዝቅ ያድርጉት ሲል ሔርሞን ይተዋት አለችው። ደስ ይላል፣ ብዙ ሰው ነበር። ብርሃነሽ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነበረች።

ረቡዕ፣ ማርች 5

ደብዳቤው መጣ። ፍርድ ቤት አያቀርቡኝም፤ ስላመንኩና ሐኪሙ በጊዜ ስለተነገረው ነው ይላል። ቆዳ የሚከፍት ማንኛውንም ሥራ እንደማልሠራ ፈርሜ እመልሳለሁ። ፊት ማጠብ ግን አልተከለከለም፤ እሱን አሁንም ሕግ አያውቀውም። ብርሃነሽ ክፍሏን ለሻምፖ ካርቶን ማስቀመጫ አደረገቻት። አልፈርድባትም። ወንበሬንና መቀቀያውን ይዤ ወጣሁ፤ አውቶቡሱ ውስጥ መቀቀያውን ያዩ ሰዎች ምን መሰላቸው ይሆን?

ኮሌጅ ደውዬ ነርሶችን የሚረዱ ሰዎች የሚማሩትን የኮርስ ፎርም እንዲልኩልኝ ጠየቅኩ። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ነገሩኝ። ከፀጉሩ ትምህርት ያንሳል።

እሑድ፣ ማርች 9

እትዬ ዓለምሸት ቤት ሄጄ ፋሻውን ለመጨረሻ ጊዜ አነሳሁ። የመጀመሪያው መስመር ደብዝዟል፣ ለስላሳ ነው። ሁለተኛው ሻካራ ሮዝ ጠባሳ። ሦስተኛው መሃል ላይ አዲስ ነገር አለ፤ ነቃሿ ያልሠራችው፣ ጠርዝ የሌለው ግራጫ። ይሄኛው አይለቅም። ነገርኳቸው። ስብ ማየቴንም፣ ሳልጠይቃቸው ማለፌንም ነገርኳቸው። ለኢንስፔክተሯ የመለስኩትን መልስ እንኳ አልደበቅኳቸውም።

መስተዋቱን አንስተው አዩት። አሮጊቷ ፈረንጅ ከእንግዲህ እንደማትጠርጋቸው ነገሩኝ፤ አሁን እጃቸውን ይዛ ማን መታሽ ትላቸዋለች። በየቀኑ እንዳዲስ ትጠይቃለች፣ በየቀኑ ማንም አልመታኝም ይሏታል።

ከዚያ ድንገት፣ ስንት መስመር እንደነበራቸው ጠየቁኝ። በየቀኑ መስተዋት ላይ እያዩት ኖረው ቆጥረውት አያውቁም። ፎቶዎቻቸው ላይ ሁሉ አንገታቸው ተሸፍኗል። አላውቅም እኔም አልኳቸው፤ የለካሁት የነካሁትን ብቻ ነው።

«እስቲ ያንቺን አሳዪኝ» አሉ።

ሻርፔን ፈታሁ። መነጽራቸውን አላገኙትም፤ በጣታቸው ነው የቆጠሩት፣ ከአገጬ ሥር ጀምረው ወደ ታች። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። ወዲያና ወዲህ ዳሰሱት፣ በሳቸው ላይ ያለውን ቦታ እየፈለጉ፣ ቀለሙ ጠቆር የሚልበት ጋ ቀስ ብለው ጫን አደረጉት።

«ያምሻል?» አሉኝ።

አያምም አልኳቸው።